በምራቅ የተቀጠለ ፈትል

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ሠላሳ ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ መሐል የሚወርደው ነፋስ በሽሮ ሜዳ አስፋልት ላይ የሚገፋው ነገር አጥቶ አንድ ባዶ ፌስታል ከወዲያ ወዲህ ያመላልስ ነበር። በሌላው ዓመት ቢሆን፣ ፋሲካ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ለበዓል ቀሚስና ነጠላ የሚገዛ ሰው ከላይ እስከ ታች መንገዱን ሞልቶ ታክሲ ማለፊያ ያጣ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ከሱቆቹ የሚበዙት አልተከፈቱም፤ የከፈቱትም ነጋዴዎች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ የሰቀሉትን ቀሚስ ራሳቸው ሲመለከቱ ይውሉ ነበር። ቀን ላይ ሬዲዮው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መታወጁን ተናገረ፤ ከዚያ ወዲያ መጨባበጥም ሆነ በብዛት መሰብሰብ ክልክል ሆነ።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ቀጨኔ በሚያሻግረው ጠባብ መንገድ ዳር፣ አንድ ክፍል ቤቱን በመጋረጃ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለመኝታ፣ ግማሹን ለሽመና ያደረገ ካሣዬ የሚባል ሸማኔ ይኖር ነበር፤ ባለቤቱ ወይዘሮ ሠርካዲስ ትባላለች። የሁለቱም ወላጆች ከጋሞ ደጋ ወጥተው በዚያ ሰፈር ጎጆ የቀለሱ ነበሩ፤ እሱ ከአባቱ ሽመናን ወረሰ፤ እሷም ከእናቷ መፍተልን። ሠርካዲስ በዚያ ዘመን የዐርባ ስድስት ዓመት ሴት ነበረች፤ እንዝርት ከእጇ ሳይለይ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አልፏል፤ ፊደል መቁጠር ከጀመረች ግን ገና ሦስተኛ ዓመቷ ነበር፤ እሱም በወረዳው አዳራሽ በሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ነው። መምህር ኢዮብ የሚባሉ ጡረተኛ ያስተምሯቸው ነበር፤ መጋቢት ሰባት ቀን ትምህርት ቤት ሁሉ ሲዘጋ የእነሱም አዳራሽ አብሮ ተዘጋ።

አንድ ልጅ ነበረቻት፤ እፀገነት። ልጅቱ ነርስ ሆና ከተቀጠረች ዓመት ሳይሞላት ወረርሽኙ ገባና፣ ከከተማው ዳር ለሕሙማን ወደ ተዘጋጀ ማዕከል ተመደበች፤ ወደዚያ የገባ ሠራተኛም እዚያው ያድራል እንጂ ወደ ቤቱ አይመለስም ተባለ። መጋቢት አሥር ቀን መኪና መጥቶ ሲወስዳት፣ እናቷ በጥር ፈትላ አባቷ በየካቲት የሸመነውን አዲስ ጋቢ አስያዘቻት። «ማታ ይበርድሻል» አለቻት።

እንግዲህ በዚያ በአዋጁ ቀን ሠርካዲስ ዘይት ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ፣ በወረዳው የብረት በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየች። ሰው ሁሉ በዓይኑ ገረፍ አድርጎት ያልፋል፤ እሷ ግን የተጻፈ ነገር አይታ ዝም ብላ ማለፍ ካቆመች ቆይታለች፤ ስለዚህ ዘይቷን ከእግሯ ሥር አስቀምጣ፣ ጣቷን ከሩቅ እያስከተለች ማንበብ ጀመረች። «ትኩሳት» ይላል፤ ግንባሯን ዳሰሰች፤ የለባትም። «ደረቅ ሳል» ይላል፤ ካሣዬ ጠዋት ጠዋት ይስላል፤ ግን የጥጥ ብናኝ የማያስለው ሸማኔ በሰፈሩ የለም። «የትንፋሽ ማጠር» ይላል፤ እዚህ ላይ ስትደርስ ደረቷን በመቀነት ጠበቅ አድርገው ያሰሩት መሰላት። ቆም አለችና እንደገና አነበበችው፤ መቀነቱ ይበልጥ ጠበቀ። ከሥሩ ደግሞ በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በምራቅና በአክታ ብናኝ መሆኑ ተጽፎ ነበር።

ይህን ወረቀት የአገሩ ሰው ሁሉ አንብቦታል፤ «ምራቅ» በሚለው ቃል ላይ እንደሷ የደነገጠ ግን ከፈታይ በቀር አይኖርም። ፈትል ሲበጠስ ፈታይዋ ጣቷን ከምላሷ ነካ አድርጋ ሁለቱን ጫፍ በምራቋ ትቀጥላቸዋለች፤ እናቷ እንዲህ አድርጋለች፤ አያቷም እንዲህ አድርጋለች። ሠርካዲስ በአንድ ጋቢ ውስጥ ስንት ቦታ ምራቋ እንዳለ ልታስብ ሞከረች፤ መቶ? ሁለት መቶ? ያን ሁሉ ጠቅልላ ለልጇ አለበሰቻት። በዚህ ሐሳብ እንደ ተዋጠች ቤቷ ደረሰች፤ ዘይቱን ግን ከወረዳው በር ሥር ረስታው ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕረፍት አጣች። በቡና ስኒ ውኃ ከጎኗ አስቀምጣ፣ በጣቷ ከውኃው እየነከረች መፍተል ጀመረች፤ ፈትሉም እምቢ አላት። ፍራሿንም ከካሣዬ ለይታ በሩ ሥር አነጠፈች።

«ምን ሆነሽ ነው እዚያ የተኛሽው?» አላት።

«ሙቀት በዛብኝ።»

«እንጦጦ ሥር ተቀምጠሽ ሙቀት በዛብኝ? ይህን ለቆላ ሰው ንገሪ።»

በሦስተኛው ቀን ካሣዬ በሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰድዶ እንደ ተቀመጠ መወርወሪያውን አቆመና ክሩን ወደ ብርሃን አቀረበው።

«ይሄ ማግ የማነው?»

«የኔ ነዋ፤ የማን ሊሆን ነው?»

«ሃያ አምስት ዓመት ያንቺን ማግ ወርውሬያለሁ፤ በጨለማ ብዳስሰው አውቀዋለሁ። እዚህ ጋ እንደ ገመድ ወፍሯል፤ እዚህ ጋ ደግሞ ልንካው ስል ይበጠሳል። ጎረቤት ነው ያስፈተልሽው?»

«በዚህ ጊዜ የትኛው ጎረቤት ነው ደጁ የሚያስደርሰኝ?»

«ታዲያ ተጣልተናል እንዴ? ተጣልተን ከሆነ ንገሪኝና ይቅርታ ልበልሽ፤ በሰው ነጠላ ላይ አትበቀዪኝ።»

ልትስቅ ፈለገች፤ ሳቅ ግን ትንፋሽ ይፈልጋል። ወደ ውጭ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ አፏን ከፍታ አየር ብትስብ፣ አየሩ ከጉሮሮዋ አልወርድ አለ። ይዞኛል አለች በልቧ፤ እኔን ከያዘኝ እሷንም ይዟታል።

በዚያ ላይ የእፀገነት ስልክ መነሣት አቆመ። አርብ ቢደወል አይነሣም፤ ቅዳሜ ቢደወል «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለው ሴት ብቻ ትመልሳለች። ሆሣዕና ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ በር ተዘግቶ ዋለ፤ ሰው ከአጥሩ ውጭ ተራርቆ ቆሞ ተሳለመ፤ ሠርካዲስም ተሳልማ ስትመለስ የትምህርት ደብተሯን አወጣችና፣ በዕድሜዋ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጠች። አንዱን ቅጠል ጽፋ ቀደደችው፤ ሁለተኛውንም ቀደደችው፤ ሦስተኛው ይህ ነበር፦

«ለልጄ ለእፀገነት። እንደምን አለሽ? እኛ ደኅና ነን። ጋቢውን አትልበሺው። አቃጥዪው። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። እናትሽ ሠርካዲስ።»

መምህር ኢዮብ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው መልስ የሚደርስበትን አድራሻ ከግርጌው ማኖር አለበት ይሏቸው ስለ ነበር፣ እሷም ሌላ አድራሻ ስለሌላት የካሣዬን የስልክ ቁጥር ጻፈችበት። ከዚያም በሦስት ፌስታል ደራርባ ጠቀለለችው።

ዋቅጋሪ የሚባል የሰፈሩ ሰው በአይሱዙው ለማዕከሉ ቀለብ ያመላልስ ነበር። መኪናውን ሲያስነሣ ደረሰችበትና ጥቅሉን በእንጨት ጫፍ አንጠልጥላ አቀረበችለት።

«እትዬ ሠርካዲስ፣ ምንድነው ይሄ? ዳቦ ነው?»

«ደብዳቤ ነው። ለእፀገነት በር ላይ አድርስልኝ።»

«ደብዳቤ እንዲህ ሆዱ ተነፍቶ?»

«በእጅህ አትንካው፤ አደራ።»

«ታዲያ በጥርሴ ልያዘው?» ብሎ ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ተወና ጓንቱን አጠለቀ። «ነገ ጠዋት ይደርሳታል፤ አይጨነቁ።»

አይጨነቁ ማለት ቀላል ነበር። ሰኞ አልተደወለም፤ ማክሰኞም አልተደወለም። ሠርካዲስ ከበሩ እስከ ውኃ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ በሩ ስትመላለስ ትውላለች፤ እህል ስትቀምስ ይተናነቃታል፤ ጣቶቿም ይደነዝዛሉ። እንዝርቱን ጨርሳ ተወችው።

ረቡዕ ሚያዝያ ሰባት ቀን ሲስተር ጀዊሪያ መጣች። ይህች ሴት የወረዳው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነበረች፤ በዚያ ወር በከተማው ሁሉ እንደ ተደረገው እሷም ቤት ለቤት እየዞረች የሰው ሙቀት ትለካ ነበር። መለኪያውን በሠርካዲስ ግንባር ላይ ስትደግን፣ ካሣዬ ከጉድጓዱ ሆኖ «ሲስተር፣ አደራ እንዳትተኩሺ፤ ያለችኝ አንድ እሷ ናት» አለ።

«ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት። በጣም ደኅና ነዎት» አለች ጀዊሪያ፤ ነገር ግን መሣሪያዋን ወደ ቦርሳዋ አልመለሰችም፤ የሠርካዲስን ትከሻ ትመለከት ነበር፤ ትከሻዎቿ ዳገት እንደ ወጣ ሰው ከፍ ዝቅ ይላሉ።

«እትዬ፣ ሮጠው ነው የመጡት?»

ሠርካዲስ ባሏን አየች፤ መሬቱን አየች፤ ከዚያ የሳምንቱ ምስጢር በአንዴ አፈተለካት። «ይዞኛል፤ ሲስተር። ትንፋሽ አጥሮኛል። እባክሽ እሱን ከዚህ አውጪልኝ፤ እኔን ውሰዱኝ።»

መወርወሪያው ከካሣዬ እጅ ወደቀ።

ናሙና የሚወስዱት ሰዎች ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ ለብሰው በዚያው ቀን መጡ፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለ መስኮት ሁሉ ተዘጋ፤ የጎረቤት ልጆች ስም በየቤቱ ተጠራ። ውጤቱ እስኪመጣ ባልና ሚስት በአንድ ቤት ውስጥ ከመጋረጃው ወዲያና ወዲህ ተቀመጡ። ካሣዬ አልሸመነም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ «ለእኔ ያልነገርሽኝ ለምንድነው?» አላት። «ልትሸሸኝ አይደለም ወይ?» ብትለው፣ «ወዴት? እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ነው» አላት፤ ድምፁ ግን የቀልድ ድምፅ አልነበረም።

ውጤቱ በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ ዘጠኝ ቀን በስልክ ተነገረ፤ ቫይረሱ የለባትም። ካሣዬ ወጥቶ በመንገዱ ላይ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ተናገረ። ሠርካዲስ ግን እዚያው በተቀመጠችበት ደረቷን ይዛ ነበር፤ መቀነቱ ስንዝር አልላላም።

በማግሥቱ፣ በቀዳም ሥዑር፣ ጀዊሪያ ተመለሰች፤ ደጃፉ ላይ ሁለት ርምጃ ርቃ በዱካ ላይ ተቀመጠች።

«ውጤታችሁ ደኅና ነሽ ይላል» አለቻት ሠርካዲስ በቁጣ፤ «ደረቴ አይደለሽም ይላል። አሁን እኔ ውሸታም ሆኜ ቀረሁ። ሰፈሩን አስደነገጥኩ፤ ባሌን ሥራ አስፈታሁ።»

«ውሸታም ማን አለዎት? ትንፋሽዎ አጥሯል፤ በዓይኔ እያየሁት ነው። በደቂቃ ሠላሳ ጊዜ ይተነፍሳሉ።»

«በሽታ ከሌለ በምን ያጥራል?»

«በጭንቀት።»

«እብድ ነሽ በይኝና እንገላገል።»

«አላልኩም፤ እትዬ። ሰው ሲደነግጥ ልቡ አይመታም? ሲያፍር ፊቱ አይለበልበውም? ያ እብደት ነው? ድንጋጤ ደቂቃ ቆይቶ ሲሄድ ማንም አያውቀውም፤ አልወጣም ብሎ ሲከርም ግን ሰውነት ይታመማል፤ የሚታመመውም በእውነት ነው። ይልቅ ይንገሩኝ፤ የጀመረዎ የት ነው?»

ሠርካዲስ ስለ ወረቀቱ ነገረቻት፤ ስለ ምራቁ፣ ስለ ጋቢው፣ ስለ ደብዳቤው ነገረቻት። ጀዊሪያ አልሳቀችም፤ «ጋቢው የተፈተለው መቼ ነው?» አለች።

«በጥር።»

«በሽታው አዲስ አበባ የተገኘውስ?»

«መጋቢት አራት ቀን ነው፤ በሬዲዮ...» ሠርካዲስ ንግግሯን አቋረጠች። ወሮቹን በጣቷ ቆጠረች፤ እንደገና ቆጠረች። «ገባኝ» አለች በመጨረሻ በዝግታ፤ «ራሴ ገባው። ደረቴ ግን አልሰማ አለ።»

«ደረትዎ የሚሰማው በሌላ ነው። እስቲ ይፍተሉልኝ።»

ሠርካዲስ እንዝርቱን አነሣች፤ ስኒውንም ሳበች። ፈትሉ ሲወፍር፣ ሲሳሳ፣ ሲበጠስ ጀዊሪያ ተመለከተች፤ ሴትዮዋ በተበጠሰ ቁጥር ትንፋሿን ቆርጣ እንደምትይዝም ልብ አለች።

«ውኃውን ይተዉት። እንደ ድሮው።»

«በምራቅ?»

«በምራቅ። ማንም አይነካው፤ ለእርስዎ ብቻ ይሁን።»

ሠርካዲስ ጣቷን ከምላሷ ነካ አደረገች። ጫፎቹን ቀጠለች፤ እንዝርቱን በጭኗ ላይ አሾረች፤ ክንዷንም ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ዘረጋች። ክንዷ ሲዘረጋ ትንፋሿ ሳታዝዘው አብሮ ወጣ፤ ክሩ እስኪያልቅ ድረስ ረዘመ። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ስትተነፍስ ኖራለች፤ ማንም አልነገራትም፤ እሷም አላወቀችውም ነበር። ካሣዬ ከጉድጓዱ አንገቱን አስግጎ ያያል። ጀዊሪያ ሰዓቷን እያየች ትንፋሿን በየደቂቃው ቆጠረች፤ ሃያ ስድስት፤ ሃያ ሦስት፤ ሃያ።

«ይኼ መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም» አለች ጀዊሪያ ስትነሣ፤ «ከበዓል በኋላ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አለ፤ ቁጭ ብለው ያወሩታል። እስከዚያው ጠዋትና ከሰዓት ይፍተሉ፤ ይራመዱ፤ ባይበሉም ይቅመሱ። ወረቀት ደግሞ አያንብቡ።»

«ማንበብስ አልተውም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋሁበት ነው» አለቻት ሠርካዲስ።

ጀዊሪያ ከሄደች ሰዓት ሳይሞላ የካሣዬ ስልክ ጮኸ፤ የማያውቁት ቁጥር ነበር።

«እማዬ?»

ሠርካዲስ የልጇን አተነፋፈስ ታዳምጥ ነበር።

«እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ? እኔ ነኝ። ስልኬን ላጽዳ ብዬ በረኪና ውስጥ ነክሬው ሞተ፤ ይኼ የሥራ ባልደረባዬ የማቲያስ ነው። ቁጥራችሁን ደግሞ በቃሌ አላውቀውም፤ ደብዳቤሽ ግርጌ ባይኖር ኖሮ በምን እደውል ነበር?»

«ደብዳቤው መቼ ደረሰሽ?»

«ዛሬ። በበሩ የሚገባ ነገር ሁሉ አምስት ቀን ይቀመጣል።»

«ያምሻል?»

«ኧረ ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም። እማዬ፣ ጋቢውን ግን ምን ሆኖብሽ ነው?»

ሠርካዲስ ነገረቻት።

«እማዬ፣ ጋቢው ተሸምኖ ሲያበቃ አጥበሽው አልነበር?»

«አጥቤዋለሁ።»

«በምን?»

«በምን ይታጠባል? በሳሙና ነዋ።»

«አገሩ ሁሉ ሳሙና ሳሙና እያለ የሚጮኸው ታዲያ ለምን ይመስልሻል?»

ሠርካዲስ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እንግዲያው ልበሺው፤ ልጄ። ዛሬውኑ ልበሺው።»

«ምኑን ልልበሰው? አቃጠልኩት እኮ!»

«እህ?»

«አቃጥዪው፣ ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ አልሽ፤ በእጅሽ ጽፈሽ! አንቺ በሕይወትሽ ጽፈሽልኝ አታውቂም፤ የመጀመሪያሽን እምቢ ልበል? እያለቀስኩ ነው ማቃጠያው ውስጥ የጨመርኩት። አሁን በርዶኛል። ሌላ ፍተዪልኝ።»

ያን ጊዜ ሠርካዲስ አለቀሰች፤ ሳቋም ከለቅሶዋ ጋር ተደባልቆ መጣ፤ ካሣዬም ስልኩን ከእጇ ነጥቆ «ሸማኔውንስ ማን ጠየቀው?» ብሎ ጮኸ። በዚያች ሰዓት ደረቷ ተከፈተ።

በፋሲካ ማግሥት ጠዋት ግን መቀነቱ ተመልሶ ጠበቀ። እንደዚያ ዓይነት ሕመም መልካም ወሬ ሰምቶ በአንድ ቀን ውልቅ ብሎ አይሄድም፤ ሠርካዲስ እስከ ሐምሌ ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ጤና ጣቢያው ተመላለሰች፤ አንዳንድ ቀን ከመንገድ ተመልሳ በር ዘግታ ተቀምጣለች፤ ሌላ ቀን ደግሞ እስከ ዊንጌት በእግሯ ሄዳ መጥታለች። ለልጇ ሁለተኛውን ጋቢ በዚያው መሐል ፈተለችው፤ በምራቋ። ማጉ የሚሳሳበትና የሚወፍርበት ቀን ነበረ፤ ካሣዬም በዚያ ቀን ምንም ሳይናገር መወርወሪያውን ቀስ አድርጎ ይወረውር ነበር።

ዘመኑ አለፈ። ያን ዘመን የሚጽፉ ሰዎች አዋጁን፣ የተዘጉትን በሮች፣ በየቀኑ በመግለጫ የተነገረውን የተመረመረ፣ የተያዘና የሞተ ሰው ቁጥር መዝግበዋል፤ መመዝገባቸውም ተገቢ ነበር። ሠርካዲስም በዚያ መዝገብ ውስጥ አለች፤ ተመርምረው በስቅለት ዕለት ነፃ ከተባሉት ውስጥ አንዲት ቁጥር ሆና፣ ከጤነኞቹ ጋር ተደምራለች። ሲስተር ጀዊሪያ የቤት ለቤት ቅጿን ስትሞላ ይህ አልተዋጠላትም ነበር፤ ቅጹ ለትኩሳት፣ ለሳልና ለጉዞ ታሪክ ቦታ አለው፤ ለሌላው ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ከመስመሩ ውጭ፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ በጥቃቅን ፊደል እንዲህ ጻፈች፦ «ትንፋሿ አጥሮ ነበር። በልጇ ምክንያት ነው። ክትትል ያስፈልጋታል።» በክረምቱ ቅጾቹ ተሰብስበው ወደ ኮምፒውተር ተገለበጡ፤ ገልባጮቹም የታዘዙትን መስመሮች በትክክል ገለበጡ፤ በጠርዙ ላይ የተጻፈውን ግን እንዲገለብጡ ያዘዛቸው አልነበረም።